ከሱቅ ዕቃ የሚሠሩ በርቀት የሚመሩ መሣሪያዎች፦ አደጋው ከየት መጣ? ለጎጃምስ ምን ማለት ነው?

ከሩቅ ሆኖ፣ አብራሪ ሳይልኩ፣ ፈንጂን በመረጡት ቦታ ላይ የማሳረፍ ችሎታ ለብዙ ዘመን የጥቂት ኃያላን መንግሥታት ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ፋብሪካም፣ አየር ኃይልም፣ የምርምር ተቋምም በሌላቸው ቡድኖች እጅ ገብቷል። የገባበት መንገድም በአብዛኛው የጦር መሣሪያ ኮንትሮባንድ ሳይሆን ለስልክ፣ ለፎቶግራፍ፣ ለእርሻና ለመዝናኛ ተብሎ የተመረተ ተራ ዕቃ ነው። ጦርነት ደጁ ድረስ ለመጣበት የጎጃም ሰው ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለምና፣ አደጋው ከየት እንደመነጨ፣ ምን ያህል እንደሚያሰጋና ምን እንደማይችል ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ባለፉት ዓመታት በጎጃም ሰማይ ላይ ድምፃቸው የተለመደው ትልልቅ የጦር ድሮኖች በፋብሪካ የተመረቱ፣ አንድ መንግሥት ከሌላ አገር አምራች የገዛቸው፣ ከአየር ማረፊያ ተነሥተው በሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚታዘዙ ናቸው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰው የድሮን ጥቃት 26 ሰዎች እንደተገደሉ መረጃ እንደደረሰው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በዚያው ወር መጨረሻ ገልጿል። ያ ሐዘን የራሱ መርማሪና የራሱ ጠያቂ ይገባዋል፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሳልጠቅሰው አላልፍም፣ ነገር ግን ከተያዘው ጉዳይ ጋር አልቀላቅለውም። የጦር ድሮን ገዢውም፣ ሻጩም፣ አዛዡም ሊታወቅ ይችላል። እዚህ የምንነጋገርበት መሣሪያ ግን ከየሱቁ በተገዛ ክፍል የተገጣጠመ በመሆኑ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደላከው፣ ለማንስ አቤት እንደሚባል ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ማለፍ ተጠያቂውን ለመሰወር ያመቻል።

የለውጡ ምንጭ ፈንጂው አይደለም፤ ፈንጂ ድሮም ነበረ። የሚበርር አካልም አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር አቅጣጫ የማወቅ ችሎታ ርካሽ መሆኑ ነው። ማንኛውም ያለ አብራሪ የሚሄድ መሣሪያ አሁን የት እንዳለ፣ መድረሻው የት እንደሆነና ከመንገዱ ሲያፈነግጥ እንዴት እንደሚመለስ ማወቅ አለበት። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1944 ጀምሮ ወደ ለንደን የላከችው ቪ-1 የተባለው በራሪ ቦምብ አቅጣጫውን ጋይሮስኮፕ በተባለ ሚዛን ጠባቂ መሣሪያና በኮምፓስ ይጠብቅ፣ ርቀቱን ደግሞ በአፍንጫው ላይ ባለች በነፋስ የምትዞር ትንሽ መዘውር ይቆጥር ነበር። ስሕተቱ በኪሎ ሜትሮች የሚለካ ስለነበር የተወሰነ ሕንፃን ለመምታት አይውልም፤ እንደ ለንደን ባለ ግዙፍ ከተማ ላይ በጅምላ ለመልቀቅ ብቻ ነበር የሚጠቅመው። ያንን ስሕተት ከኪሎ ሜትር ወደ ሜትር ለማውረድ መንግሥታት ዐሥርት ዓመታትና ከፍተኛ በጀት አፍስሰዋል።

የአሜሪካ ጦር የዘረጋው ጂፒኤስ የተባለው የሳተላይት ሥርዓት የዚያ ልፋት ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 መንገዱን ስቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል የገባ የደቡብ ኮርያ የመንገደኞች አውሮፕላን ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪል አገልግሎት በነፃ እንደሚከፈት አስታወቁ። ያም ሆኖ ለሲቪሉ የሚለቀቀው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ማዛባት በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ሲቆም፣ ማንኛውም መቀበያ የያዘ ሰው ያለበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ማወቅ ቻለ። ከዚያ ስማርት ስልክ መጣ። ስልክን ስናዞረው ምስሉ አብሮ የሚዞረው በውስጡ ዘንበል ማለትንና መዞርን የሚለካ ጥቃቅን ዳሳሽ ስላለው ነው። ይህ ዳሳሽ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ስልኮች ሲመረት ዋጋው ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ። ዛሬ በሞጣ ወይም በዳንግላ ገበያ ተገዝቶ በገበሬ ኪስ የሚዞር ስልክ፣ ያለበትን ቦታ በማወቅ ረገድ ከሰማንያ ዓመት በፊት ለንደንን ካሸበረው ቪ-1 እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የቻይናው ዲጄአይ ኩባንያ ፋንተም የተባለውን አራት የሚሽከረከሩ ክንፎች ያሉት ድሮን ለገበያ ሲያቀርብ ደግሞ፣ አብራሪነት ያልተማረ ሰው መሣሪያን በአየር ላይ አቁሞ ማቆየት የሚችልበት ዘመን ገባ።

ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የኒውዚላንድ መሐንዲስ በኢንተርኔት በሚገዙ ዕቃዎች ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር ባነሰ ወጪ ክሩዝ ሚሳኤል (እንደ አውሮፕላን ያለ አብራሪ እየበረረ ዒላማውን የሚመታ ሚሳኤል) መሥራት እንደሚቻል ለማሳየት መነሣቱን ባስታወቀ ጊዜ፣ ገሚሱ ሰው ደነገጠ፣ ገሚሱ አጣጣለው። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች በከፊል ልክ ነበሩ። በጓሮ የተሠራ ፈጣን ሚሳኤል ዓለምን አላጥለቀለቀም፤ ፈጣንና ከባድ መሣሪያ መሥራት ዛሬም እጅግ ከባድ ነው። የመጣው ግን ትንሽ፣ ዘገምተኛና ርካሽ የሆነ ዓይነት ነው፤ ያንን ደግሞ ብዙዎቹ ባለሙያዎች እንደ አደጋ አልቆጠሩትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በኢራቅ ሞሱል አቅራቢያ የደረሰው ነገር በዝርዝር መነገር ያለበት ነው። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን የላከው አንድ ትንሽ ድሮን ከአየር ወርዶ በኩርድ ተዋጊዎች እጅ ገባ። ተዋጊዎቹ ሊመረምሩት በያዙበት ሰዓት በውስጡ የተደበቀው ፈንጂ ፈነዳ፤ ሁለት የኩርድ ተዋጊዎች ሞቱ፣ አብረዋቸው የነበሩ ሁለት የፈረንሳይ ወታደሮች ክፉኛ ቆሰሉ። ሰዎቹን የገደላቸው መሣሪያው በአየር ላይ ሳለ ሳይሆን ከወደቀ በኋላ ነው። የጦር ሜዳ ልምድ ያላቸው ሰዎች ከተሞኙ፣ ከብት ሲጠብቅ በማሳ ውስጥ ባለ ካሜራ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያገኝ ሕፃን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ 13 የእጅ ሥራ የሆኑ ሰው አልባ አውሮፕላኖች በሶርያ የሚገኙትን የሩስያን የሕሜይሚም አየር ማረፊያና የታርቱስ ወደብ ለመምታት በአንድ ሌሊት ተላኩ። የሩስያ መከላከያ ሚኒስቴር ሰባቱን መትቶ መጣሉን፣ ስድስቱን ደግሞ በሬዲዮ ሞገድ መቆጣጠሩን ገለጸ። ሚኒስቴሩ ያሳያቸው አውሮፕላኖች አካላቸው እንደ ነገሩ የተጣበቀ፣ ለዓይን እንኳ ሻካራ የሆነ ሥራ ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ የቬኔዝዌላው ፕሬዚዳንት ማዱሮ በካራካስ አደባባይ ንግግር ሲያደርጉ ፈንጂ የተሸከሙ የገበያ ድሮኖች ፈነዱ፤ የኢራቁ ጠቅላይ ሚኒስትር አልካዲሚ መኖሪያም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በተመሳሳይ መንገድ ተመታ። በዩክሬን ጦርነት የሁለቱም ወገን ሠራዊቶች በመነሻቸው ለውድድርና ለመዝናኛ የተሠሩትን ትንንሽ ድሮኖች እንደ ጥይት ወደሚቆጠር የዕለት ፍጆታ ለውጠዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ዩክሬን 117 ትንንሽ ድሮኖችን በጭነት መኪና ደብቃ ወደ ሩስያ ውስጥ በማስገባት የጦር አውሮፕላኖችን ባሉበት መትቻለሁ ብላለች። ይህ የመንግሥት ዘመቻ እንጂ የጓሮ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን በጦር ግንባር የተፈተነ ብልሃት በዚያው ተወስኖ እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል።

አደጋውን ማጋነንም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚሸከሙት ክብደት ትንሽ ነው፤ ባትሪያቸው ቶሎ ያልቃል፤ ነፋስና ዝናብ ያንገላታቸዋል። የጎጃም ደጋ አየር ስስ በመሆኑ፣ በተለይ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በጮቄ ተራራ ዙሪያ፣ ትንንሽ ድሮኖች ሸክም ይዘው ለመነሣት ከቆላው ይልቅ ይቸገራሉ፤ የክረምቱ ጉምና ዝናብም የሚታለፍ እንቅፋት አይደለም። ከሁሉም በላይ ፈንጂና ማፈንጃ ከስልክ መደብር አይገዛም፤ ያለ በቂ ዕውቀት የሚነካካው ሰውም ከዒላማው በፊት ራሱንና ጎረቤቱን ያጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን የሠርግ ፎቶ አንሺ ድሮን እንደ ቦምብ መቁጠር ተገቢ አይደለም።

መከላከሉ ለምን እንደከበደ ለመረዳት የአየር መከላከያ ለምን እንደተሠራ ማስታወስ ይበቃል። ራዳር የተቃኘው ትልቅና ፈጣን አውሮፕላንን ለመለየት ነው፤ አሞራና የወፍ መንጋ እያመለከተ ባለሙያውን እንዳያሰለች ትንሽና ዝግ ያለውን ነገር ሆን ብሎ እንዲተው ተደርጎ ይስተካከላል። ትንሹ ድሮን የሚያልፈው በዚሁ ክፍተት ነው። ቢታይም የዋጋው ሚዛን ተዛብቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የአሜሪካ ጄኔራል የአገራቸው ወዳጅ የሆነ መንግሥት 200 ዶላር ገደማ የሚያወጣን ድሮን ሦስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ የፓትሪዮት ሚሳኤል መትቶ እንደጣለ በይፋ ተናግረዋል። የሬዲዮ ሞገድን ማፈን ርካሽ አማራጭ ቢሆንም፣ በከተማ ውስጥ ሲደረግ ስልክንና የአውሮፕላን አቅጣጫ መሪን አብሮ ይረብሻል፤ በቀጭን የፋይበር ገመድ የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ድሮኖች ደግሞ ለሞገድ ማፈኛ አይበገሩም። ጥርጣሬ ብቻውን እንኳ ያሽመደምዳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በለንደኑ ጋትዊክ አየር ማረፊያ ድሮን ታየ በመባሉ ብቻ 1,000 ገደማ በረራዎች ተስተጓጉለው 140,000 የሚሆኑ መንገደኞች ተጉላልተዋል። ፈንጂ አልነበረም፤ ጥፋተኛም አልተገኘም።

ለጎጃም ከሁሉ የሚያሳስበኝ የላኪው ማንነት ጉዳይ ነው። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በባሕር ዳርና በጎንደር አየር ማረፊያዎች ላይ የተተኮሱት ሮኬቶች ከየት እንደመጡ ለማወቅ ብዙ ምርምር አላስፈለገም፤ የመደበኛ ጦር መሣሪያዎች ነበሩ፣ ሕወሓትም መተኮሱን አምኗል። ከገበያ ዕቃ የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ግን ሠሪውን የሚናገር ማኅተም የለውም። አሁን በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ ጎጃም በአንድ ወረዳ ውስጥ የመከላከያ ሠራዊት፣ የፋኖ አደረጃጀቶች፣ ሚሊሻና በግርግሩ የሚጠቀም ሽፍታ ተቀላቅለው ይገኛሉ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ወይም በአንድ የቅዳሜ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢወድቅ እያንዳንዱ ወገን ሌላውን ይከስሳል፤ ሟቹ ይቀበራል፣ ገዳዩ ግን አይታወቅም። ደም በመመለስ ጣጣ የተፈተነ አካባቢ ላይ ላኪው ያልታወቀ ሞት ከአንድ ቀብር በላይ መዘዝ አለው፤ በግምት የተጠረጠረ ሰው ያለ ኃጢአቱ ይሞትበታልና።

ማንነትን ማወቅ ግን የማይቻል አይደለም። በኢራቅ፣ በየመንና በዩክሬን የወደቁ መሣሪያዎችን የመረመረው ኮንፍሊክት አርማመንት ሪሰርች የተባለው ድርጅት እንዳሳየው፣ በሞተሩ፣ በባትሪውና በኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ላይ የሚገኙ መለያ ቁጥሮች ወደ አምራቹ፣ ከአምራቹ ወደ አከፋፋዩ፣ ከዚያም ወደ ገዢው ያደርሳሉ። የማስታወሻ ካርዱ ከተረፈ የተነሣበትን ቦታ ሳይቀር ሊናገር ይችላል። የዚህ ሁሉ መሠረት ከአደጋው በኋላ መሬት ላይ የሚቀረው ስብርባሪ ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ስብርባሪው በመጀመሪያው ቀን ይለቀማል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ብረቱ ለቆራሌ ይሸጣል፣ ቦታው በለቀስተኛ ይረገጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መርማሪ የሚያገኘው የምስክር ቃል ብቻ ነው፤ ምስክሩ ደግሞ የሚፈራው ብዙ አለው።

ሕጉ መሣሪያው በእጅ መሠራቱን ወይም ከፋብሪካ መውጣቱን አይለይም። የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3ም ሆነ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለችው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ በአገር ውስጥ ግጭት ለሚዋጉ ወገኖች ሁሉ፣ ለመንግሥትም ለታጣቂም እኩል የሚሠሩ ናቸው፤ ሰላማዊ ሰው የጥቃት ዒላማ ሊሆን አይችልም። አስቸጋሪው ነገር አዛዡ የሚያየው በትንሽ ስክሪን ላይ የሚንቀጠቀጥ ምስል መሆኑ ነው። በጎጃም ለለቅሶ የሚወጣ አባወራ ጠመንጃውን አንግቦ ቢወጣ የቆየ ወግ ነው፤ የሟችን ክብር ለመግለጽም ይተኮሳል። ይህንን ከላይ ሆኖ በካሜራ የሚያይ፣ የአገሩንም ወግ የማያውቅ ወይም ሊያውቅ የማይሻ ሰው ለቀስተኛውን ከተዋጊ አይለየውም። ትልቁ የጦር ድሮን በዚህ ከተሳሳተ፣ ባነሰ ካሜራና ባነሰ ሥልጠና የሚላከው ትንሹ አይሳሳትም ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው።

ዓለም አቀፍ ቁጥጥሩስ? እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው የሚሳኤል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሥርዓት በዋነኛነት የሚያተኩረው 500 ኪሎ ግራም ጭነት 300 ኪሎ ሜትር ማድረስ በሚችሉ መሣሪያዎች ላይ ነው፤ የምንነጋገርባቸው ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2370 አገሮች ድሮንና የፈንጂ መሥሪያ ክፍሎች በሽብርተኞች እጅ እንዳይገቡ እንዲተጉ አሳስቧል። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የቀድሞው ቁጥጥር ሁሉ የተመሠረተው አስፈላጊው ዕቃ ብርቅ በመሆኑ ላይ ነበር፤ አሁን ብርቅ የሆነ ነገር የለም። የስልክ ዳሳሽ እንዳይሸጥ መከልከል ስልክ እንዳይሸጥ መከልከል ነው።

በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ጥንቃቄው ምክንያት አለው። ነገር ግን በፈቃድ መስመሩ ላይ ተሰልፎ የሚጉላላው የመሬት ቀያሹ፣ የሰብል በሽታ አጥኚውና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ነው፤ ክፉ ያሰበው በቦሌ ጉምሩክ በኩል አያልፍም። ዕቃውን ሁሉ ከማገድ ይልቅ የእያንዳንዱ ድሮን መለያ ቁጥር ከባለቤቱ ስም ጋር ተመዝግቦ፣ ፈቃዱ በቀናት ውስጥ የሚያልቅበት አሠራር ቢኖር ለልማቱም ለምርመራውም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ጥብቅ እጅ የሚያስፈልገው ፈንጂው ላይ ነው። ለመንገድና ለድንጋይ ካባ ሥራ የሚገባ ፈንጂና ማፈንጃ ምን ያህል እንደገባ፣ ምን ያህል እንደዋለና ምን ያህል እንደቀረ በየዕለቱ ካልተመዘገበ፣ ከጦርነት የተረፈ ያልፈነዳ ተተኳሽም በየማሳው ከቀረ፣ የድሮን እገዳ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ለነዋሪው የሚሆነው ምክር አጭር ነው። የወደቀ ድሮን ወይም እንግዳ ዕቃ ያገኘ ሰው አይንካው፣ አያንሣው፣ ፎቶ ለማንሣትም አይጠጋው፤ የመጣበትን መንገድ ተከትሎ ይመለስ፣ ልጆችንና ከብቶችን ያርቅ፣ ቦታውን ከሩቅ በሚታይ ነገር ያመልክት። ለማን ይናገር የሚለው ግን በዛሬው ጎጃም ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ለአንዱ ወገን መናገር በሌላው ዘንድ እንደ ክህደት የሚቆጠርበት ቀበሌ ብዙ ነው። በዚህ ሁኔታ የደብሩ አለቃ፣ የአገር ሽማግሌና የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ከሁሉም ወገን ጋር መነጋገር የሚችሉ በመሆናቸው፣ እንዲህ ያለውን መልእክት ተቀብለው እንዲያደርሱ ታጣቂውም መንግሥትም ዋስትና ሊሰጧቸው ይገባል። ተዋጊዎች በሌላ በምንም ባይስማሙ በዚህ አንድ ነገር መስማማት ይችላሉ።

አንድ ቀን የሰላም ስምምነት ሲመጣ የሚቆጠረው መሣሪያም ሊታሰብበት ይገባል። እስካሁን ባለው ልማድ ታጣቂ ሲገባ የሚያስረክበው ጠመንጃና መትረየስ ተመዝግቦ ደረሰኝ ይጻፍለታል። ከገበያ ዕቃ የተገጣጠመ መሣሪያ ግን በሰዓታት ውስጥ ተፈታትቶ እንደገና ሞተር፣ ካሜራና ባትሪ ስለሚሆን በዚያ መዝገብ ላይ አይታይም፤ የማይፈታውና ሊቆጠር የሚችለው ፈንጂውና ማፈንጃው ነው። ስለዚህ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ዝርዝር ከጠመንጃው በፊት ፈንጂውን ቢያስቀድም፣ መሣሪያውን የገጣጠሙት ወጣቶችም ሙያቸውን በግልጽ የሚሠሩበት ሥራ አብሮ ቢታሰብላቸው ይሻላል።